ኩርፊያዬን የዘነጋሁበት ሕክምና

ሕመሜ የታወቀ ዕለት ልጄ ሰዒድ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ምራቴ ምድጃው ዘንድ ነበረች። ጎረቤቴ ዘሃራ ከአጥሩ ወዲያ ነበረች፤ ወደ ግቢዬ የገባ የማንጎዋን ቅርንጫፍ ከቆረጥሁባት ጀምሮ ለዓመታት ተኮራርፈን ስለነበር የምታየን በአጥሩ ቀዳዳ ነው። እኔ መስገጃዬ ላይ ነበርሁ። የቀትሩን የዙህር ሶላት እጀምራለሁ፤ ስንተኛው ረከዓ፣ ስንተኛው ዙር ስግደት ላይ እንደደረስሁ ይጠፋኛል፤ እንደገና እጀምራለሁ። በዚህ ላይ እያለሁ የቀጣዩ ሶላት፣ የዐስር አዛን ተሰማ።

«እማ ጃጀች» አላት ሰዒድ ለሚስቱ፣ ቀስ ብሎ።

ጆሮዬ ግን ደህና ነበር።

ከዚያ ባሰብኝ። እንቅልፍ ጠፋ። እህሉ አፈር አፈር አለኝ። ሰው ሲያወራኝ መጀመሪያውን ስይዝ መጨረሻው ያመልጠኛል። መሞት ተመኘሁ። ለማንም አልተናገርሁም።

ወልድያ ያየኝ ሐኪም ዕለቱ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። አውቀዋለሁ፤ ከአፌ እስኪደርስ ግን ቆየ። ሰዒድ ሊመልስልኝ ሲል ሐኪሙ በእጁ ከለከለው።

«ማክሰኞ» አልሁ በመጨረሻ።

«መጃጀት አይደለም፤ ከባድ ድባቴ ነው። ድባቴ ሐሳብንም ያዘገያል» አለ።

ክኒኑ አልበቃ ሲል ለኤሌክትሪክ ሕክምና አዲስ አበባ ተላክሁ። ሰዒድ አልወደደውም። «ዶክተር፣ የቤታችንን ቴሌቪዥን ያቃጠለው እኮ መብራት ነው» አለ።

«የእኛው ተለክቶ ነው የሚሰጠው» አለች የአዲስ አበባዋ ሐኪም። «እናቴ፣ በማደንዘዣ ተኝተው ስለሆነ አይሰማዎትም። የሚረሱት ነገር ግን ይኖራል። አብዛኛው ይመለሳል፤ ጥቂቱ ላይመለስ ይችላል።»

ሕክምናውን ስጨርስ እንቅልፌ ተመለሰ፣ እህሉ ጣዕም አገኘ፣ ረከዓዬንም ሳልስት መስገድ ጀመርሁ። ወደ አገሬ ተመልሼ መርሳ ከተማ ከአውቶቡስ ስወርድ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሰው ዘሃራ ነበረች። ኩርፊያው ከአእምሮዬ ወጥቷል። «ዘሃራ፣ ምነው ጠፋሽብኝ?» ብዬ አገላብጬ ሳምኋት። አለቀሰች። ስንት ሽማግሌ ተመላልሶ ያቃተው ነገር እንዲህ አለቀ፤ በማግስቱ ማንጎ በሰፌድ ይዛ በበሩ ገባች።

ከሳምንታት በኋላ ማንጎዋን ስበላ ቅርንጫፉ ትዝ አለኝ። መብላቴን ቀጠልሁ።

ሕመሙ እንዳያገረሽ አልፎ አልፎ ሕክምናውን እንድደግም ታዘዘ። ሰዒድ «እማ፣ ይብቃሽ፤ ነገ እኔንም ትረሺኛለሽ» አለ።

«ተዋት ትሂድ» አለች ዘሃራ። «አንተን ብትረሳ እኔ ልጅሽ ነው ብዬ እነግራታለሁ፤ ባታምነኝ ነው እንጂ።»

ፈርቼ ነበር። ግን ወደዚያ መስገጃ መመለሱን የበለጠ ፈራሁት።

ለታመመም ለአስታማሚም የምለው ይህን ነው፤ ሐሳቡ የዘገየበትን ሽማግሌ ጃጀ ብላችሁ አትተዉት፣ አሳክሙት። የታመማችሁም የምትረሱትን ለሐኪማችሁ ንገሩ። መልሴን ለጠበቀው ሐኪም አላህ ይስጥልኝ።

በመሄጃዬ ጠዋት ቦርሳዬን የያዘችው ዘሃራ ነበረች። አውቶቡሱ ዘንድ ስንደርስ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ከድጃ፣ የቅርንጫፉን ነገር ታስታውሻለሽ?»

«የምን ቅርንጫፍ?» አልኋት።

ቦርሳዬን ተቀብያት ወጣሁ።