የኦቢሂሮዋ ጎረቤታችን ሳህን

ዛሬ ጠዋት ጃፓናዊቷ ጎረቤታችን ሚቺኮ በራችንን አንኳኩተው «እናትሽን ምን አስቀየምኳት?» አሉኝ። እንባቸው ሊመጣ ምንም አልቀረው።

ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።

ሚቺኮ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ እኛ አፓርትመንት ውስጥ ፊት ለፊታችን ነው የሚኖሩት። ያደጉት ገበሬዎች በቆረቆሯት ኦቢሂሮ በምትባል ከተማ ነው። እኔ ጃፓን ሲባል የሚታየኝ ፎቅና ፈጣን ባቡር ነበር። እሳቸው በስልካቸው ያሳዩን ግን የስንዴና የድንች ማሳ፣ ደንዳና ደንዳና ፈረስ ነው።

እማዬ ፎቶውን አይታ «ይቺማ አሰላ ናት!» አለች። የአሰላ ልጅ ስለሆነች አልተከራከርኳትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚቺኮ በሰማያዊ ሳህን ድንች ይልካሉ፤ እማዬ ሳህኑን ዳቦ ሞልታ ትመልሳለች። ዳቦው ሳያልቅ ድንቹ ይመጣል። ሁለት ወር ሙሉ! አመላላሿ ማን እንደሆነች አትጠይቁኝ።

ትናንት እማዬ ሥራ ላይ እያለች «ይሄ ነገር በዚሁ ይብቃ» ብዬ ሳህኑን አጥቤ ባዶውን መለስኩላቸው።

«እኛ ሰፈር ባዶ ሳህን የሚመልስ የተቀየመ ሰው ነው» አሉኝ ሚቺኮ ዛሬ።

እማዬ ከጓዳ ስትወጣ ተረጎምኩላት። እኔን ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። ሚቺኮን ግን አቅፋ ሳመቻቸውና «የገበሬ ከተማ ልጅ ናት አላልኩሽም?» አለችኝ።

ከዚያ ለዕርቁ ብላ በራሷ ሳህን ዳቦ ሞልታ ሰጠቻቸው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የማመላልሰው ሁለት ሳህን ነው።

እናንተስ? የጎረቤት ሳህን ባዶውን መልሳችሁ ጉድ የሆናችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልፈር። ድንች ያማረውም ብቅ ይበል። ሳህን ይዞ እንዳይመጣ ብቻ!