የውሃ አባቱ ወንድሜ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ዋናው መካኒክ ሞተር ቤቱን ከፍቶ፣ «ቮልቴጁን ሳታይ አታስነሳ። ቫልቩንም ቀስ እያልህ ክፈት፤ በአንዴ ከለቀቅኸው ቧንቧው ይፈነዳል» አለኝ። ያን ቀን ሦስት ጊዜ አስነሥቼ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። ከዚያ ወዲያ ከቆቦ ወጣ ብሎ ባለው በዚያ የመስኖ ጉድጓድ አሥራ ስምንት ዓመት ሞተሪስት ሆኜ ሠራሁ።

የእኔ ሥራ ውሃውን ማውጣት ነው። ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው የውሃ አባቱ ነው፤ ገበሬው ለዚህ የመረጠው ደግሞ ታላቅ ወንድሜን አያ ሰይድን ነበር። የአርባ ስድስት ገበሬ ተራ በቃሉ ይይዛል። አንድ በጋ ሽንኩርቴ ጠውልጎ ያለ ተራዬ ውሃ እንዲለቅልኝ ብለምነው፣ «ወንድምነታችን ቤት ነው። ቦይ ላይ ተራ ነው» ብሎ መለሰኝ።

በኋላ ተራው ይዛነፍ ጀመር። ትናንት ላጠጣው ዛሬም ይደግምለታል። ዘምዘም የምትባል ባሏ የሞተባት ገበሬ ሁለት ዙር ታለፈችና ቲማቲሟ ደረቀ። ሞተር ቤት ድረስ መጥታ፣ «ወንድምህ ጉቦ ለመደ እንዴ? እኔ እንደሁ የምሰጠው የለኝ» አለችኝ። አፈርሁ።

ስብሰባ ተጠራ። አያ ሰይድ ሲጠየቅ፣ «ማክሰኞ አጠጥቻታለሁ» አለ። ማክሰኞ ሞተሩ ተበላሽቶ ቆሞ ነው የዋለው። ተነሣሁና በሰው ሁሉ ፊት፣ «አያ፣ ስለ አላህ አትዋሽ! ማክሰኞ ውሃ አልወጣም» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፈርቶ ነበር። እዚያው ሻሩት። እኔም ቤቱን መርገጥ ተውሁ።

ከአምስት ወር በኋላ ሚስቱ ፋጡማ መጣች። «ወደ ቤት መግቢያው ጠፍቶት ሮቢት መንገድ ላይ አገኙት። የገዛ ልጁም ስም ጠፋው» አለችኝ። ደሴ ወሰድነው። ሐኪሙ መርምሮት ሲያበቃ፣ «የመርሳት በሽታ ነው። የሚያድነው መድኃኒት የለም፤ እየባሰ ይሄዳል። ከጀመረው ሁለት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም» አለን። ፋጡማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ ያን ስብሰባ አሰብሁ።

በተመለስን ማግስት የገበሬውን ቤት አንድ በአንድ ዞርሁ። «ወንድሜ ታሞ ነው እንጂ ሌባ አይደለም» አልኋቸው። ዘምዘም አለቀሰች። «እኔ አፉ ብዬዋለሁ፤ ቂም የለኝም። እሱስ አፉ ይለኝ ይሆን?» አለች።

አሁን ጠዋት ጠዋት አካፋውን አንሥቶ ወደ ቦይ ሲወጣ ማንም አይከለክለውም፤ ከልጆቹ አንዱ ወይም እኔ አብረነው እንሄዳለን። አንድ ቀን ቦዩ ዳር ተቀምጠን እጁን ያዝሁና፣ «አያ፣ ያን ቀን በሰው ፊት ስላዋረድሁህ አፉ በለኝ» አልሁት።

ትክ ብሎ አየኝ። «የማን ልጅ ነህ?» አለኝ።

የአባታችንን ስም ነገርሁት።

«ደግ ሰው ነበር» አለና ውሃውን ያይ ጀመር።

ከእኔ በኋላ ለመጡት ሞተሪስቶች የምላቸው ይህን ነው። ተራውን ጻፉት፤ በአንድ ሰው ቃል ላይ አትተዉት። ዕድሜውን ሙሉ ቀጥ ብሎ የኖረ ሰው ሥራው ከተዛባ ደግሞ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ሐኪም ይየው።