ከእልልታው በላይ አንድ ክንድ

በቀደም ለታ የልጅ ልጄ ቴሌቪዥን ፊት ተጎልቶ ሳለ አንድ ፈረንጅ በትውልድ አገሩ ሲሸለም አየሁ። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ያጨበጭባል፤ ሰውየው ዕንባውን ይጠርጋል። «ምን አድርጎ ነው?» አልኩት።

«ኳስ ወርዋሪ ነው እምዬ።»

«ወርውሮ ምን መታ?»

«ኧረ እሱ አይመታም! ዱላ የያዘው ሰውዬ እንዳይመታበት አድርጎ ነው የሚወረውረው። ጥበቡ እሱ ነው።»

ወይ ጉድ! «የኔም አባት እኮ ባለመምታቱ ነው የተሸለመው» ብለው የምቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። ይሳቅ። ፍኖተ ሰላም ተወልዶ ያደገ ልጅ ወንጭፍ የት ያውቃል?

አገራችን ከቡሬ ወዲህ ያለው ገጠር ነው፤ በቆሎና ዳጉሳ የሚሰጥ ደግ መሬት። ዝንጀሮው ግን ከገደሉ ሥር መንጋውን አስከትሎ ይወጣና የሰውን ልፋት ባንድ ጀምበር ድራሹን ያጠፋዋል። አባቴ ወንጭፈኛ ነበር። ወንጭፈኛ ስላችሁ ወፍ እሽ የሚል እንዳይመስላችሁ! ማማው ላይ ቆሞ ወንጭፉን ሲያሽከረክር ጎረቤት እርፉን ለቆ ያየው ነበር። አውራውን ዝንጀሮ ከመንጋው መሃል ለይቶ ጆሮ ግንዱን ይለዋል። ከሽንዲ ድረስ «ልጄን አስተምሩልኝ» የሚል ይመጣ ነበር። ስሙንም ይወዳል፤ ምን ይደበቃል፣ አባቴ ስሙን ከእራቱ አብልጦ ይወድ ነበር። «የሱ ወንጭፍ አይስትም» ሲሉት የሰማ ቀን ፊቱ በርቶ ይውላል።

ጣልያን በገባ በዓመቱ ዓይኑን ሞራ ጋረደው። ይህን ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዝንጀሮው ሲጮህ በጮኸበት ድንጋዩን ይለቅበታል። ዝም ያለ እንደሆነ እናቴ ወደ አዝመራው ትወርድና መንጋው ካለበት ወዲህ ቆማ እልል ትላለች፤ እሱም ከእልልታዋ በላይ አንድ ክንድ ከፍ አድርጎ ይለቀዋል። ድንጋዩ በናቴ ራስ ላይ እያፏጨ ያልፍና ዝንጀሮው ጋ ይደርሳል። እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። «እማዬ፣ አንድ ቀን ቢስትሽስ?» ስላት ትቆጣኛለች። «የማን አባት ነው የሚስት? ያንቺ?»

እንዲህ ሆነን ስንኖር ወሬው ቡሬ ምሽግ ደረሰ። አዛዡ ጣልያን እንዲህ ያለ ወንጭፈኛ አለ ሲሉት ጊዜ ባስተርጓሚው በኩል ላከ፦ በገበያ ቀን፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ከሰው ቁመት አንድ ክንድ ከፍ ያለ እንጨት ላይ እንስራ ይሰቀላል፤ አባቴ በሦስት ድንጋይ እንስራውን ከመታ ጣልያኑ በገዛ እጁ ካባ ያለብሰዋል፣ «የመንግሥታችን ጀግና» ይባላል። አልመጣም ማለት አይቻልም። እምቢ ያለን ሰው ምን እንደሚያደርጉት ሁላችንም አይተናል።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ክው አለች። በዚያን ጊዜ ከመንደሩ ወንድ ግማሹ ዱር ነው። የጣልያን ካባ የለበሰ ሰው ቤት ሰላም የሚል የለም፤ ቢሞትም ሬሳውን የሚያነሳ አይገኝም።

«አንቱ፣ አፈር ስሆን ይሳቱ» አለችው። «ሦስቱንም ይሳቱና ይመለሱ።»

«እኔ? በሕዝብ ፊት?»

«ካባውን የለበሱ እንደሆነ ማን ይቀብርዎታል?»

«ከሳትኩማ በቁሜ ተቀበርኩ!» ብሎ ጮኸባት። «ታወረ፣ አለቀለት ሊሉኝ ነው። ካባውን መንገድ ላይ ጥዬው እመጣለሁ። አንቺ ብቻ እንጨቱ ሥር ቆመሽ እልል በይ።»

እሷም ስም ከመቃብር በላይ ነው ትላለች፣ እሱም ስም ከመቃብር በላይ ነው ይላል። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ማለት ይኼ ነው መሰል። በመጨረሻ «እሺ» አለችው። የናቴ እሺታ ሁልጊዜ ያስፈራኝ ነበር።

የገበያው ቀን ደረሰ። ሰዉ ተገዶ እንደመጣ ፊቱ ይናገራል። አዛዡ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ቀይ ካባ በአንድ ባንዳ ክንድ ላይ ተዘርግቷል። አባቴ ነጭ ለብሶ፣ ወንጭፉን በትከሻው ጥሎ፣ ልጁን እጇን ይዞ የሚመራ መስሎ በኔ እየተመራ ገባ። እናቴም እንደተባለችው እንጨቱ ሥር ቆመች። አስተርጓሚው ረጅም ዲስኩሩን ሲያነበንብ ግን ቀስ፣ ቀስ እያለች ወደ ጎን፣ ወደ አሞሌ ሻጮቹ በኩል ሄደች። ሻጮቹን በሹክሹክታ «ተነሱ ከዚህ!» ብላ አባረረቻቸው። ባዶ ቦታው ላይ ብቻዋን ቆመች። ያኔ ገባኝ።

እልል አለች።

የመጀመሪያው ድንጋይ ከራሷ በላይ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ እያፏጨ አለፈ። እንስራው ወዲያ በሌላው ጎን እንደተሰቀለ ቆሟል። አባቴ እንስራው ሲሰባበር የሚሰማውን ድምፅ ጠበቀ፤ ምንም የለም። ሁለተኛው በዚያው መንገድ አለፈ። ሦስተኛውም። እናቴ ነቅነቅ አላለችም፣ እልልታዋም አልተቆረጠም። በስመ አብ! ድንጋይ በራሷ ላይ እየሄደ እንዲያ እልል የምትል ሴት ከሷ ወዲህ አላየሁም።

አዛዡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አስተርጓሚው «ጀግናችሁ ይኼ ነው?» ብሎ ምራቁን ተፋ፤ ካባውም ተጠቅልሎ ተመለሰ። አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። በመንገድ ላይ አንዲት ቃል ብቻ ወጣው።

«ድምፅሽ ከየት ነበር?»

«ከአፌ ነበራ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ አኮረፋት። ማማው ላይ በድምጿ ይወረውራል፤ ቤት ሲገባ ግን አያናግራትም። ሞት ይርሳኝ፣ የመንደሩን ነገር ሳልነግራችሁ! ሰዉ ሆን ብሎ የሳተ መስሎት አባቴን ሲያይ ወገቡን ሰብሮ እጅ ይነሳ ጀመር። የቅኔው መምህር የኔታ «ሰሙ ስሕተት፣ ወርቁ እምቢታ። ይኼ ሰው ቅኔ ወረወረ» አሉ። ሴቶቹም ወንዝ ሲወርዱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ድንጋዩ ቢያልፈውም እንስራውን ትቶ፣
ጠላቱን መታ አሉ ካባውን አስቀርቶ»

ይሉ ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ እንደ መርዝ ነው የሚያንገሸግሸው። ያልሠራውን ሥራ የሚያወድሱበት ሰው ሲናደድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰዉ ደግሞ ንዴቱን ትሕትና ነው ብሎ ይብስ ያከብረዋል።

ጣልያን ለቆ በወጣ ጊዜ፣ በደብራችን ንግሥ ዕለት፣ አገሬው ሊያከብረው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰበሰበ። ከየቤቱ አንድ አንድ ልቃቂት ተዋጥቶ፣ ሸማኔ ተቀምጦበት፣ እንደ ጥጥ አበባ የነጣ ጋቢ ተሠርቷል። የናቴም ልቃቂት ገብቶበታል። ከዱር የተመለሱት ጎፈሬያቸውን እንዳጎፈሩ ፊት ለፊት ቆመዋል። የኔታ መርቀው ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣሉለት። እልልታው ቀለጠ። እኔ አጠገቡ ነኝ።

«ጋቢው የኔ አይደለም» አለ።

ሰዉ «አይ ትሕትና!» ብሎ አጉረመረመ።

«ትሕትና አይደለም! ዝም ብላችሁ ስሙኝ። እኔ ያን ቀን እንስራውን ልመታ ነበር። ለስሜ ብዬ ካባቸውን ልለብስ ነበር። ዓይኔ አያይም። ከናንተ ደብቄው ነው እንጂ ያኔም አያይም ነበር። የምወረውረው በሚስቴ ድምፅ ነው። እሷ ናት ከእንጨቱ ሥር የሄደችው። እኔ አልሳትኩም፤ እሷ ባለችበት ነው የወረወርኩት።»

አባቴ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ በሁለት እጁ ዘረጋው፤ ፊቱን ወዲያና ወዲህ አዞረ።

«የት ነሽ?» አለ። ከዚያ ገበያ ወዲህ በወጉ ሲያናግራት ያ የመጀመሪያው ነው።

ልመራው እጁን ብይዘው ገፈተረኝ። እናቴ ከሴቶቹ መሃል ናት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ዕንባዋን እንኳ ሳትጠርግ እልል አለች። እየተቆራረጠ፣ እየተሰበረ፣ ግን እልል አለች።

ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። አባቴ ያን ሁሉ ግቢ ማንንም ሳይነካ አቋርጦ ሄደና ጋቢውን ትከሻዋ ላይ አለበሳት።