ሐጂ ያጠቡት የዓሣ ውሃ

ያ የመስታወት ገንዳ ያስከፈለኝ መርሳ ላይ፣ አስፋልት ዳር ያለች አንዲት ክፍል ነው። በብር ያወጣሁበትን ረስቼዋለሁ። ነጋዴ «ያወጣሁትን ረሳሁ» ሲል ማመን ደግ አይደለም፤ ይህን ግን እመኑኝ፣ የክፍሏ ይብሳል።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ በቀደም ወልድያ ላይ ያየሁት ነው። አንድ ጎረምሳ አዲስ ካፌ ከፍቶ የዓሣ ገንዳ አቁሟል። ውሃው የሩዝ እጣቢ መስሏል፤ ልጁ ሊደፋው ባልዲ አቅርቧል። «አትንካው!» ብዬ ስጮህ ማኪያቶ የያዘ ሁሉ ቀና አለ። ልጁ እብድ መሰልኩት። ብዙም አልተሳሳተ።

የመርሳው ነገር ሲሆን እኔም እንደ እሱ ጀማሪ ነበርኩ። ጦርነቱ ሰሜን ነው ይባላል፤ እኛም ሰሜን መሆናችንን ረስተን እንነግዳለን። ክፍሏ የአጎቴ የሐጂ ይመር ናት፣ እኔ ጁስ እሠራባታለሁ። ውላችን አጭር ነበር፦ እስከ መስከረም ገበያው ከሞቀ ክፍሏ ለእኔ፣ ካልሞቀ ለእህል መጋዘን። ፓፓያና ማንጎ ደግሞ መርሳ ላይ ለማንም ብርቅ አይደለም። ሰው የሚያስገባ ነገር ፈለግሁና ገንዳውን፣ ማጣሪያውንና ቀያይ ዓሦቹን ከደሴ ጭኜ መጣሁ። ሰው ጎረፈ።

«ይሄ ይበላል?» ይሉኛል ከሐብሩ ገጠር የወጡ ገበያተኞች።

«ለማየት ነው።»

«ለማየትማ የሰው በሬም ያምራል!»

ይስቃሉ፤ ስቀው ግን አንዳንድ ብርጭቆ ይጠጣሉ።

ብዙም ሳይቆይ ዓሦቹ እየተንሳፈፉ ይሞቱ ጀመር። ውሃው ግን እንደ ምንጭ የጠራ ነው። ሐጂ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጣታቸውን ነከሩና ቀመሱት።

«ውሃ በሦስት ይታወቃል፤ በቀለሙ፣ በጣዕሙ፣ በሽታው። ሦስቱ ካልተለወጡ ንጹሕ ነው፣ ለሶላት ዉዱእ ታደርግበታለህ። አንተ ልጅ፣ በሽተኛ ዓሣ ሸጠውልህ ነው። አብሽር።»

ደሴ ደወልኩ።

«ገንዳው ሳይበስል ዓሣ ጨመርክበት እንዴ?» አለኝ ሻጩ።

«ይበስላል መቼ አልከኝ?»

«አልጠየቅከኝማ!»

ያችን «አልጠየቅከኝማ» ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ጥርሴን አፋጫለሁ። እየተነጫነጨ አስረዳኝ። ዓሣው ከሚጥለው ቆሻሻና ከምግቡ ትርፍራፊ አሞኒያ የሚባል የማይታይ መርዝ ይወጣል። ድንጋዩና የማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ቀስ ብለው የሚራቡ ባክቴሪያዎች ያንን ወደ ሌላ መርዝ ይለውጡታል፤ ሌሎች ደግሞ እሱን እምብዛም ወደማይጎዳ ነገር። እስኪራቡ ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያ ምግብ መቀነስ፣ ውሃውን ጥቂት ጥቂቱን ብቻ መቀየር፣ የቧንቧውንም ክሎሪኑ እንዲተን አሳድሮ መጨመር ነው። ውሃው ቢደፈርስ አትደንግጥ፣ ያልፋል፤ ብቻ ድንጋዩንና ስፖንጁን እንዳታጥብ አለኝ። እርሾ መሆኑ ነው፤ እርሾውን የደፋ ሰው ሊጡ አይቦካለትም። ይህንኑ ለሐጂ ነገርኳቸው። «እሺ» አሉ፣ ወደ መስጊድ እንደሚቸኩል ሰው።

ከዚያ መብራት ጠፋ፤ ማጣሪያው ቆመ። ተፈናቃዮች ፍራሽ ተሸክመው ከቆቦ በኩል በአስፋልቱ ይወርዳሉ። ክረምት ነውና ከወልድያ ወዲያ የሚያጓራው ነጎድጓድ ይሁን መድፍ አልለይ ብሎናል። እኔ ገንዳው ላይ ቆሜ ለዓሣውም ለድንጋዩም አየር እንዲደርስ በጁስ ብርጭቆ እየቀዳሁ መልሼ ከላይ አፈሳለሁ። ክንዴ ዛለ። አላፊ አግዳሚው ሳቀብኝ። ውሃው ደፈረሰ፤ የተረፉት ዓሦች ግን ምግብ ሲያዩ መሻማት ጀመሩ። ልክ ነው፣ በስሏል ማለት ነው አልኩ።

አንድ ቀን ፓፓያ ላመጣ ወጥቼ ስመለስ፣ ሐጂ አንድ ተፈናቃይ ቤተሰብ ክፍሏ ውስጥ አስገብተዋል። ገንዳው ያብረቀርቃል። ስፖንጁ እንዲደርቅ ደጅ ተሰጥቷል። የበረኪና ሽታ ከበር ተቀበለኝ። ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ውሃው ላይ ያጣጥራሉ።

«ሐጂ፣ ምን አደረጉት?»

«አጠብኩልሃ! ቀለሙም ሽታውም የተለወጠ ነጃሳ እንግዳ ፊት ላስቀምጥ?»

«እንዳይነኩት ብዬዎት አልነበረም?»

«ሰው እያለቀ ለዓሣ ትጮህብኛለህ?»

በአንቱ እንደ መናደድ ያለ ስቃይ አላውቅም፤ ስድብህ ሁሉ ጋቢ ለብሶ ይወጣል። የተናገሩት ደግሞ እውነት ነበር፤ የባሰ ያቃጠለኝ እሱ ነው። «ሰውንም ያስፈጀው የማያውቀውን የሚነካካ ሽማግሌ ነው!» አልኩ፣ በእንግዶቹ ፊት። ሴትዮዋ ልጇን አቅፋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ፤ የክፍሏን ቁልፍ ሰጠኋቸው።

ጦርነቱ ሲደርስ እኔ ወደ ደሴ ሸሸሁ፣ እሳቸው ቀሩ። መንገዱ ተከፍቶ ስመለስ ተፈናቃዮቹ የመጠጥ ውሃ ያጠራቀሙት በእኔ ገንዳ ነበር። እነሱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ክፍሏ ማሽላ ተቆለለባት።

የወልድያውን ልጅ ባልዲውን አስጥዬ ያወቅሁትን ነገርኩት። «ጋሼ፣ ለዓሣ ይሄን ያህል?» አለኝ። በዚያ ጦርነት ስንት ሰው ቀበርን፤ ለዚያ የተናደድኩትን የሚቀበለኝ ቢሮም ሰውም አላገኘሁም። የዓሣውን ንዴት ግን ባለቤቱን በስሙ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ አልለቀውም።

የእኔ ዓሦች ገንዳው በታጠበ ማግስት አለቁ። ሐጂ ደህና ናቸው። መንገድ ላይ ስንገናኝ «አሰላሙ አለይኩም» እላቸዋለሁ፣ ይመልሳሉ። ሌላ የምንነጋገረው የለም።