በአንድ ትንፋሽ

ባለፈው ሳምንት ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ ስወርድ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቤ እንደ ተቀመጥኩ እግሬ ደነዘዘ። ስወርድ ብንገዳገድ ተሳፋሪው ሳቀ። እኔን ግን የድሮው ሕመሜ ትዝ ብሎኝ ላብ አጠመቀኝ።

ያኔ ገና ያላገባሁ ኮረዳ ነበርኩ። ኅዳር ነው፤ ገብሱ ደርሶ አገሩ ሁሉ አጨዳ ላይ ነበር። ሆዴን አሞኝ ከተሻለኝ ብዙም ሳይቆይ ጣቶቼን ጉንዳን የወረራቸው ያህል ይነዝረኝ ጀመር። በማግስቱ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ከዚያ ማጭዱ ከእጄ ወደቀ።

እናቴ «ልጄን ቡዳ በላብኝ!» ብላ ጠበል ልትወስደኝ ተነሣች። አጎቴ ቄስ ሞገስ ግን እግሬን ዳሰው ዳሰው፣ «ጠበሉን ይዘሽላት ነይ፤ ሐኪም ዘንድ እንወስዳታለን» አሉ። በቃሬዛ ተሸክመው አወጡኝ። የታጨደው ገብስ ሽታ እስከ መኪናው መንገድ ተከተለን።

ሐኪሙ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ ቢመታው እግሬ ንቅንቅ አላለም።

«አባቴ፣ ነርቭ ከላዩ ልባስ አለው» አላቸው አጎቴን። «የገዛ ሰውነቷ ተሳስቶ ያንን ልባስ እየላጠው ነው።»

«ይመለሳል?»

«ቀስ ብሎ ይመለሳል። የምፈራው ትንፋሿን ነው። ካጠረ የመተንፈሻ መሣሪያው ያለው ባሕር ዳር ነው፤ መንገዱን ከቻለችው።»

በአንድ ትንፋሽ ምን ያህል እንደምናገር ሐኪሙ በየጠዋቱ ያዳምጠኝ ጀመር። አጎቴ አባታችን ሆይን መረጡልኝ። መጀመሪያ «ፈቃድህ» ላይ ቆምኩ። በማግስቱ «መንግሥትህ» ላይ። ቀጥሎ ገና «በሰማያት» ስል ደረቴ ባዶ ሆነ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ እንባዬን የማብስበት እጅ አልነበረኝም።

ባሕር ዳር ሊወስደኝ አጎቴ ለምነው ያመጡት መኪና ደጅ ቆሞ ሳለ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ፣ «እስቲ አንዴ ድገሚልኝ» አለኝ።

«አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር ስምህ ይቀደስ መንግሥትህ...»

ሐኪሙ ቀና አለ። «መባባሱ ቆሟል። ትቆይ።» አጎቴ መስቀላቸውን እንደ ያዙ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

ለፋሲካ ሰው ደግፎኝ ቆምኩ፤ ክረምት ሲገባ ብቻዬን ሄድኩ።

እናቴ እስክታርፍ ድረስ «ቡዳ ነው» እንዳለች ነበር። የሐኪሙን ቃል ስነግራት ትሰማኝና ራሷን ትነቀንቃለች። በወጣትነቴ ያናድደኝ ነበር። ዛሬ እኔም ወልጄ ሳየው ገባኝ፤ ክፉ ዓይን ያለው ሰው ቢሆን ትረግመዋለች፣ ትሸሸዋለች። ልጇን የበላት የልጇ የገዛ ሰውነት ነው ሲሏት ግን እናት ማንን ትርገም?