የኋላው ሽብልቅ

ብሎን የሚሸጥ ሰው ያስጠላኛል። እንዲህ ስል ሰው ይስቅብኛል፤ እኔ ግን የምሬን ነው። እኛ ከተማ ንፋስ መውጫ አስፋልቱ ዳር ሱቅ ያለውን ሰውዬ ስምንት ብሎን ስጠኝ ብትለው፣ ስድስቱን ከአንድ ዓይነት ያወጣና ሁለቱን ከየት እንደለቀመው ከማይታወቅ ዝገት ቀላቅሎ ያቀብልሃል። ቤትህ ገብተህ ስትዘረግፈው የአንዱ ጥርስ ተበልቷል፣ የሌላው ራስ ተላጧል፣ ዳዶው ደግሞ የማንኛቸውም ዘመድ አይደለም። ልትመልስለት ስትሄድ፣ ጠበቅ አድርገህ ብታስረው ይይዝልሃል ብሎ ጥርሱን እየፋቀ ይመክርሃል። ይህን ሰውዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ማየት ነበረብኝ፤ ለእህቴ መሄጃ እየሠራሁ ነበርና።

እህቴ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። በልጅነቷ በያዛት በሽታ ሁለቱም እግሮቿ ሰልለው ቀርተዋል። ልብስ ሰፊ ናት፤ በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና አላት፤ ከሌሎች ልብስ ሰፊዎች ጋር አስፋልቱ ዳር በረንዳ ላይ ትሠራለች። ቤት ውስጥ ከጎማ የተቆረጠ ነገር መዳፏ ላይ አስራ በእጇ እየተገፋች የፈለገችበት ትደርሳለች። ከቤት እስከ በረንዳው ግን ለዘጠኝ ዓመት ያመላለስኳት እኔ ነኝ፤ ጠዋትም በጀርባዬ፣ ማታም በጀርባዬ። አንድ ጊዜ ዊልቸር ተሰጥቷት ነበር። በራችን አላስገባው አለ፤ የፊት ጎማው በሳምንቱ ድንጋይ ላይ ተሰበረ። ባጃጅ ስንጠራ ደግሞ ሹፌሩ ብብቷ ሥር ገብቶ እንደ ስንዴ ጆንያ ብድግ ሲያደርጋት ፊቷን አየሁት። ሁለተኛ አልጠራሁም።

ስሸከማት የሚያየኝ ሰው ሁሉ ያመሰግነኝ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሽማግሌዎች ቆመው ይመርቁኛል፣ ሴቶች ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ አንዳንዱማ ጽድቁን ጠቅልለህ ወሰድከው ይለኛል። እህቴ ይህን ሁሉ ጀርባዬ ላይ ሆና ትሰማለች። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ገና ሳስቀምጣት አንድ ሰውዬ የልብስ መለኪያ ሜትር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ እያየ ጭኗ ላይ ብር ጣለላት። እኔ ሰውዬውን ልሳደብ ስል እሷ ብሩን አጣጥፋ መለሰችለትና ሱሪዎ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ ካመጡት እጥፈዋለሁ አለችው። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ምርቃቱን እወደው ነበር። ጠዋት ጠዋት ስንወጣ ማን ያየን ይሆን ብዬ ዓይኔ ይዞር ነበር። አሁን ሳስታውሰው ያቅለሸልሸኛል።

ባለፈው ዓመት ወገዳ የእንጨት ሥራ ማስተማር አገኘሁ። ወገዳና ንፋስ መውጫ በካርታ ሲያዩት ቅርብ ይመስላል፤ መንገዱን የሚያውቅ ግን ተመላልሼ እሠራለሁ አይልም። እዚያው መኖር ነበረብኝ። ሌላ የሚሸከማት ዘመድ እንዳለ ነገርኳት፤ የጎረቤትም ጎረምሳ እንደማይጠፋ ነገርኳት። እየሰፋች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ከእንግዲህ ማንም ጀርባ ላይ አልወጣም» አለችኝ። «ወይ በራሴ እሄዳለሁ፣ ወይ የስፌት መኪናዬን ሸጬ ቤቴ እቀመጣለሁ።»

ምርጫው ይኸው ነበር። እንደተናገረች የምታደርግ ሰው መሆኗን ደግሞ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ያኔ ነው ዕቃ ቤት የተጣለው ነገር ትዝ ያለኝ። የአጎታችን ልጅ ከአዲስ አበባ ለክረምት ሲመጣ ስኬትቦርድ የሚሉትን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ቆመውበት የሚንሸራተቱበት ባለ አራት ጎማ ሳንቃ ነው። የኛ ኮረኮንች ላይ በሦስተኛው ቀን ሳንቃው ለሁለት ተሰንጥቆበት ጥሎት ሄደ። ሳንቃው ላይ ምላሱን ያወጣ የራስ ቅል ተስሎበት ስለነበር አነደድኩት። ከሥሩ የነበሩት ሁለቱ የብረት እግሮች ግን ደህና ነበሩ። እያንዳንዱ እግር ሁለት ጎማ አለው፤ ኩሽኔታቸው እንደ አዲስ ይሽከረከራል። ሳንቃው ወደ ግራ ሲያዘነብል እግሩም ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ወደ ቀኝ።

ከዋንዛ ሰፊና ዝቅ ያለ ሳንቃ ላግኩላት፤ ተቀምጣበት በመዳፏ መሬቱን እየገፋች እንድትሄድ። መጀመሪያ እግሮቹን እንዲሁ አሰርኳቸውና ግቢ ውስጥ ሞከረችው። ሁለት ነገር አስቸገረ። ሳንቃው ስለሰፋ ጎማዎቹ ከሥር እየነኩት ይፈትጉታል፤ ደግሞ ትንሽ ዘንበል ስትል በጣም ይታጠፋል። ስልኬ ላይ ቪዲዮ ፈለግሁ። ቋንቋውን ሙሉ በሙሉ ባልሰማም እጃቸውን አየሁ፤ በእግሩና በሳንቃው መካከል ጎማ ይገባል፤ ጎማው አንድ ወገኑ ወፍራም አንድ ወገኑ ቀጭን ከሆነ እግሩን ያዘነብለዋል፤ እንዳዘነበለውም መታጠፉ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በኛ አፍ ሽብልቅ ማለት ነው። ሽብልቅማ የማውቀው ነገር ነው ብዬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ቪዲዮው ገና ግማሽ ላይ ነበር።

የጭነት መኪና አሮጌ ጎማ ገዝቼ ሁለት ሽብልቅ ቆረጥኩ። ጎማ ሲፋቅ የሚወጣው ሽታ አንጀት ያላውሳል፤ ፍርፋሪው ላብ ላይ ተለጥፎ በሳሙና አይለቅም፣ ሦስት ቀን እጄ ከእንጀራው ጋር ጎማ ጎማ ይለኝ ነበር። ብሎኑም ሌላ ጣጣ ነው። በወፍራሙ ወገን የሚገባው ረጅም፣ በቀጭኑ ወገን የሚገባው አጭር መሆን አለበት፤ ተዳፋት ላይ ስለሚቀመጥ ዳዶው ሥር ሮንዴላ የሚሉትን የብረት ቀለበት ካልደረቡበት ገጥሞ አይዝም። አራት ረጅም አራት አጭር ስለው ያ ሰውዬ ስምንቱንም አጭር ሰጠኝ። በመጨረሻ ራሴ ሳጥኑ ውስጥ እጄን ከትቼ እየለካሁ አወጣሁ። ስምንቱንም እጄ እስኪቆስል አጠበቅሁ።

ቅዳሜ ገበያ ነው። የአስፋልቱ ቁልቁለት ላይ የምንሞክረው ያን ቀን ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ሰው ሳይበዛ በጠዋት ይሁን ብላ ነበር፤ እኔ ቁርሴን ሳንጓትት፣ መዶሻ ጠፋብኝ ስል፣ ገበያው ሞላ። ለምን እንዳደረግሁት አሁን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። የሠራሁትን ሰው እንዲያይልኝ ነው።

ጀመረች። ሠላሳ እርምጃ ያህል እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ፤ ጀርባዋ ቀጥ ብሎ፣ በሁለት እጇ እየቀዘፈች፣ ሰው መንገድ እየለቀቀላት። ቁልቁለቱ ሲጀምር ሳንቃው ፈጠነ። ወዲያው የኋላው ወገን ወዲያና ወዲህ ይወራጭ ጀመር። እጇን ጣል አድርጋ ልታቆመው ስትል ኋላው ዞሮ ቀደመና ተገለበጠች። የግራ መዳፏና ክርኗ ተገሸለጠ፤ አገጯ ደማ።

በአንድ ጊዜ ሰው ከበባት። አንዷ ጠበል ፈልጉ ትላለች፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ሌላው እኔን ቁልቁል እያየ በፈረንጅ መጫወቻ ሽባ ይጫናል ወይ ይላል። ዓይኖቻቸው ሁሉ እኔ ላይ ነበሩ፤ ዘጠኝ ዓመት ሲመርቁኝ የነበሩት ዓይኖች። ፊቴ ጋለ። የተናገርኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ሰውነቷን አጋደለችው» አልኩ። «ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ ብያት ነበር።»

እንዲህ ብያት አላውቅም። እህቴ ከመሬት ቀና ብላ አየችኝ።

ቤት ወስጄ ቁስሏን በጨው ውኃ አጠብኩላትና ሳንቃውን ይዤ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ብሎን ሻጩን የምረግምበት ምክንያት እየፈለግሁ ነበር። ገለበጥኩት። አንድም ብሎን አልላላም። ሽብልቆቹን ሳይ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባኝ።

አባታችን እስቴ ገጠር ማረሻ ጠራቢ ነበር፤ ሥራውን የለመድኩት ከእሱ ነው። ማረሻ ፊቱ አንድ ነው። ሽብልቅ ስትመታ ወፍራሙን ወገን ወደ በሬው አዙረህ ነው፤ ሁሉም ነገር ወደ በሬው ያያል። እጄ ይህን ስለለመደ የሁለቱንም ሽብልቅ ወፍራም ወገን ወደ ፊት አዙሬ አስሬዋለሁ። ይህ ሳንቃ ግን ማረሻ አይደለም፤ ሁለቱ እግሮች ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው። የፊተኛው ሽብልቅ ወፍራም ወገን ወደ ፊት ጫፍ፣ የኋለኛው ደግሞ ወደ ኋላ ጫፍ መዞር ነበረበት። እኔ እንዳሰርኩት የፊቱ እግር ደንዝዞ የኋላው ግን ሲነኩት ይታጠፋል። በሬ የሌለበት ሳንቃ ላይ በሬ ፈልጌ እህቴን ጣልኳት።

የኋላውን ፈትቼ አዞርኩና መልሼ አሰርኩት። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ወደ ቤት ስገባ እህቴ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ተቀምጣለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለችኝ። «ይህ ሰውነቴ ሚዛን አያውቅም። ነገ መኪናውን ከበረንዳው አምጣልኝ።»

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ፣ እጅሽ እስኪሽር እናስብበታለን አልኳት። ያን ቃል ስናገር አፌ ውስጥ ያ የጎማ ሽታ ነበር። ሰውን ስጸየፍ ኖሬ ራሴን ተጸይፌ አላውቅም ነበር፤ ለካ ከሁሉ የሚከፋው እሱ ነው። ከራስ አፍንጫ አይሸሽም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናውን ላመጣ ሄድኩ። ከባድ ብረት ነው፤ በነጠላ አስሬ ጀርባዬ ላይ አዘልኩት። እህቴን ስሸከም የሚያውቁኝ አንድ ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኙኝ። እህትህስ ቢሉኝ ከእንግዲህ ቤት ትሆናለች አልኳቸው። በትራቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ሁለት እጃቸውን ዘረጉና መረቁኝ። እንዳንተ ያለ ወንድም ይብዛ አሉኝ። እድሜህ ይርዘም፣ እሷንም ዕቃዋንም አልጣልክም አሉኝ። አጎንብሼ አሜን እላለሁ። ሦስተኛውን አሜን ሳልል ቀና አልኩ። ምርቃቱን ሳያጠናቅቁ ይቅርታ አባቴ ብያቸው ወደ በረንዳው ተመለስኩና መኪናውን ቦታው ላይ አስቀምጬ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ሳንቃውን ገልብጬ ፊቷ አስቀመጥኩት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ማረሻውን፣ የተገላቢጦሽ የታሰረውን ሽብልቅ፣ ትናንትና ተደብቄ ማዞሬን፣ ሰው ፊት የተናገርኩትን ውሸት። ቅዳሜን የመረጥኩት ለምን እንደሆነ ጭምር። ስጨርስ የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር፤ ብትጮህ በወደድኩ።

«በዚህ ሰውነቴ የማያላክክ የለም፤ ለምጄዋለሁ» አለችኝ። «አንተ ግን እያወቅህ ነው።»

ከዚያ እጇን ዘረጋች። ሰንበት ቢሆንም የብሎን መፍቻ ቁልፉን ስጠኝ አለችኝ። ባልቆሰለው እጇ ስምንቱንም ብሎን ፈታች፤ ሽብልቆቹን አውጥታ ወፍራምና ቀጭን ወገናቸውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤ አንድ ጊዜ ብቻ የፊቱ ወደየት ነው ብላ ጠየቀችኝ። የተጠቀለለው እጇ ዳዶ ሲያመልጠው ላነሳላት ጎንበስ አልኩ። ተወው አለችኝ። የመጨረሻውን አጥብቃ ስትጨርስ ፊቷ በላብ ወዝቷል። ቁልፉን አልመለሰችልኝም፤ ከመቀሷ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሰኞ፣ ወደ ወገዳ የምሄድበት ቀን፣ ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ ልደግፋት ብዬ ወደ ክፍሏ ሄድኩ። አልጋዋ ተነጥፏል፤ ሳንቃው የለም። ሻንጣዬን ይዤ ቁልቁለቱን እየሮጥኩ ወረድኩ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። በረንዳው ጋ ስደርስ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነው፤ ሳንቃው ጎኗ ላይ ግድግዳውን ተደግፏል። ስትሄድ ማየት ፈልጌ ነበር። እንዳላይ ብላ ነው በጨለማ የወጣችው።

የወገዳው አውቶቡስ ረዳት ተሳፋሪ እየጠራ ነበር። ደህና ሁኚ እታለም አልኳት።

«ስትደርስ ደውል» አለችኝ። የስፌት መኪናዋን ማዞር ግን አላቆመችም።