ሀላኬና የበደላት ወፍ

ባልንጀራዬ ሀላኬ የለየለት ቋጣሪ ነው። ትንባሆ ሲለምኑት ጆሮው ይደነቁራል። አመሰግናለሁ ሲል የሰማው ሰው በአገራችን በሶሎሎ የለም።

ከፍጥረት ሁሉ የሚያከብረው ማር መሪዋን ወፍ ብቻ ነበር። መዳፉን ገጥሞ ሲያፏጭላት ትመጣለች፤ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች ንቡ ጋ ታደርሰዋለች። እሱም ከማሩ እንጀራ ድርሻዋን ቅጠል ላይ ያኖርላታል። ድርሻዋን የተከለከለች ወፍ በሚቀጥለው ጊዜ የከለከላትን ሰው አንበሳ አፍ ውስጥ ትከታለች፤ ይህን የእኛ አገር ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ባለፈው በጋ ግን ሀላኬ ተራቀቀ። ወፏ ከተራበች ነገም ትሠራልኛለች ብሎ ድርሻዋን ቀበረው። ሚስቱ ዳርሚ ይህን ስትሰማ ሃያ ሁለት ዓመት የታገሠችው ሁሉ ገነፈለባትና እናቷ ቤት ገባች። ሽማግሌዎች ማር ይዞ ካልሄደ አትመለስም ብለው ፈረዱ። እንግዲህ የበደላትን ወፍ ሊለምን ነው።

አፏጨ፤ መጣች። እሱ ጦሩን፣ እኔ መጥረቢያውን ይዘን ተከተልናት።

«ሊበን፣ አንተ ከፊት ሁን» አለኝ።

«የበደልኳት እኔ ነኝ እንዴ?»

ቀትር ላይ አንድ ትልቅ ግራር ላይ ቆመች። አንበሳ የለም። ግራሩ ያለው ግን አማቱ ግቢ ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ ወንድ አማቱ ፊት አይቆምም፤ ሽርጡን ሰብስቦ ከአናቷ በላይ ዛፍ መውጣትማ አይታሰብም።

«አንበሳው ይሻለኝ ነበር» አለ።

አማቱ ነጠላዋን ተከናነበች። «ዳርሚ፣ ባልሽን ንገሪው፤ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ይውጣ።»

ወጣ። ንቦቹ መላ አካሉን ነደፉት። ሲወርድ የያዘው አንድ ሙሉ የማር እንጀራና አንድ ቁራሽ ብቻ ነበር። ዳርሚ እያየችው ሙሉውን ለወፏ ቅጠል ላይ አኖረላት።

«አመሰግናለሁ። ይቅር በይኝ» አላት ባበጠ ከንፈሩ።

ዳርሚ አጠገቡ መጥታ ቆመች። «እኔስ፣ ከወፍ አንሳለሁ?»

ሀላኬ ቁራሹን እጇ ላይ አደረገላት። «አንቺንም አመሰግናለሁ፤ በጣም ዘገየሁ» አለ። ያለቀሰው በንቡ መርዝ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። እሷ ጣቷን ላሰችና ዕቃዋን ልታመጣ ገባች።

መጥረቢያውን ቀኑን ሙሉ የተሸከምኩት እኔም ምስጋናዬን ጠየቅሁት። ጆሮው ደነቆረ።